በወንድሜ ፈንታ የመለስኩባቸው ቅዳሜዎች

ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ስለ ሰው ፍላጎት የሚያወራ አንድ ምዕራፍ ጋ እደርሳለሁ። ተማሪዎቼ ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት እሱን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ የምጠላው እሱን ነው። ገና ርዕሱን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላ የተቀመጡት መሳሳቅ ይጀምራሉ። ይሳቁ። ሃያ ዓመታቸው ነው። ሰው የሚፈልገውን የሚያውቅ፣ ያወቀውን ሲያገኝ ደግሞ የሚጠግብ ይመስላቸዋል።

እንደ ደንቡ አስረዳቸዋለሁ። ረሃብ ሌላ፣ መሻት ሌላ ነው እላቸዋለሁ። የራበው ሰው ቆጮውን በጎመን በልቶ ውሃ ይጠጣና ያልፍለታል። መሻት ግን እንዲህ አያልፍም። አንዳንድ ፈላስፎች መሻት ከጉድለት ነው የሚወለደው ይላሉ፤ ሰው የሌለውን እንጂ ያለውን ስለማይሻ፣ የሻው ነገር እጁ በገባ ቁጥር መሻቱ ወደ ሌላ ይሸሻል። ሌሎቹ የለም፣ ነገሩ መልካም ስለሆነ አይደለም የምንሻው፣ ስለሻነው ነው መልካም የምንለው ብለው ይከራከራሉ። ከሁሉም የሚብሱት የነፍስ ሐኪሞቹ ናቸው። ሕፃን ልጅ መፈለግን የሚማረው እናቱ ምን እንደምትፈልግ ከፊቷ ላይ እያነበበ ስለሆነ፣ የራሴ የምንለው መሻት ከመጀመሪያውም የራሳችን አልነበረም ይሉናል። ከሌላ ሰው ዓይን የቀዳነው ነው።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም የገበያውን ምሳሌ እሰጣለሁ። ጠዋቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን የአቮካዶ ቁልል አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ መምረጥ ስትጀምር፣ ወዲያው ሌሎች ሦስት ሴቶች ይከቡታል። አቮካዶው ያው ነው። ተማሪዎቼ ይስቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ለፈተና ይሸመድዱታል። እኔ ደግሞ ጠመኔዬን ሰብስቤ እወጣለሁ። ይህ ምዕራፍ በእኔ ላይ ምን እንዳደረገ አንዳቸውም አያውቁም፤ እስከ ዛሬም ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ደቡብ አፍሪካ ነው። እኛ አገር ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ወጣና፣ ከከተማው ዳር ባለ የጥቁሮች ሰፈር የብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ሳሙናና ዳቦ እየሸጠ አባት ሆነኝ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ቀን፣ አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ በኋላ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለልኝ።

«ላገባ ነው» አለኝ።

«ማንን?»

«እሱን እንኳ አንተ ነህ የምትነግረኝ።»

የተወለድንበት ሀቢቾ ያለችው እናታችን ሦስት ልጆች አስጠይቃለታለች። አክስታችን ደግሞ በወዳጇ በኩል ዳምቦያ ውስጥ አንዲት የከምባታ ልጅ አግኝታለች። ወንድሜ የአራቱንም ፎቶ አይቷል። «ፎቶ ላይ ሁሉም ያው ናቸው» አለ። «አንተ ሂድና እያቸው። ሰው የማንበብ ትምህርት አይደል የተማርከው? አንተ ብትሆን የምታገባትን ምረጥልኝ።»

እንደዚያ ማለት አልነበረበትም። እኔም ሳቅ ብዬ እሺ ማለት አልነበረብኝም። ግን ምን ልበል? ወንድሜ ነው፤ የለበስኩት ልብስ ሳይቀር የእሱ ነበር።

ሦስቱን ልጆች በሦስት እሑድ አየኋቸው። ጨዋ ልጆች ነበሩ፤ ለስላሳ አቀረቡልኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። አራተኛዋን ለማየት ዳምቦያ የሄድኩት በሥራ ቀን ነበር። አባቷ በር ላይ ተቀበሉኝና «ሥራ ላይ ናት፤ ሰዎች ተጣልተው» ብለው ወደ ቁልቁለቱ በእጃቸው አሳዩኝ። የገጠር መሬት ባለሙያ መሆኗን አክስቴ ነግራኝ ነበር፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነበር ቀጣሪዋ። ምን እንደምትሠራ ግን ያወቅኩት እዚያ ወርጄ ነው።

ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ረድፍ እንሰት ግራና ቀኝ ቆመው ይጯጯሃሉ። እሷ ጭቃ የበላው ቦት ጫማ አድርጋ፣ የሜትር ጥቅል ይዛ መሐላቸው ቆማለች። አየት አደረገችኝና ማን እንደሆንኩ እንኳን ሳትጠይቅ የሜትሩን ጫፍ ዘረጋችልኝ።

«እባክህ ይቺን ያዝልኝ። ረዳቴ ዛሬ ቀረብኝ።»

ያዝኩላት። እንሰቱን ተከትለን እስከ ወንዙ ወረድን፣ ደግሞ ወጣን። እሷ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ በከምባትኛ ትገሥጻቸዋለች፣ እኔ ምንም ሳይገባኝ ሜትር እይዛለሁ። መጨረሻ ላይ የሚጣሉበት መሬት አንድ ክንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ሽማግሌ እንሰቱ ሥር ቁጭ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ እሷ ከት ብላ ሳቀች። ምን እንዳሉ ስጠይቃት በአማርኛ ተረጎመችልኝ። «መሬቱንማ ምን ላደርገው፣ እሱ ስለፈለገው ነው እንጂ አሉኝ።»

ከዚያ ጫማዋን ሣሩ ላይ እየጠረገች ቀና አለች። «መምህሩ አንተ ነህ አይደል? ልታየኝ የመጣኸው?»

«ወንድሜ ልኮኝ ነው።»

«ታዲያ አየኸኝ?»

አየሁሽ አልኳት። ሌላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሁለታችንም የምንናገረው የአፍ መፍቻችን ባልሆነ ቋንቋ ስለነበር ቃላችን ቁጥብ ነበር። ከማንም ሰው ጋር ግን እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አውርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ወንድሜ ሲደውል ስለ እሷ ነገርኩት። ስለ ቦት ጫማዋ፣ ስለ ሳቋ፣ ሽማግሌዎቹን ስትገሥጽ ቅንድቧ እንዴት እንደሚነሳ። እሱ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ዝም ስል «ቀጥል» ይለኛል። በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም ቀን ደወለ። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ሲጠራው ይሰማኛል፤ እሱ ግን «ቆይ» ይለውና «እሺ፣ ከዚያስ?» ይለኛል። በፎቶ አይቶ ያለፋትን ልጅ በእኔ አፍ እየሰማ ሲወዳት እሰማ ነበር። እኔ ደግሞ ስነግረው፣ ነግሬው ስዘጋ፣ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ይቀራል። ለእሱ እየነገርኩ ለራሴ ነበር የምነግረው። በዚያው ሳምንት ክፍል ገብቼ የአቮካዶውን ምሳሌ ተናገርኩ፤ ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ሳቁ። ስለ ራሴ እያወራሁ መሆኑ እኔ እንኳን አልገባኝም። መምህር ማለት ይህን ያህል ደደብ ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌ ተላከ፣ ቤተሰቦቿ ፈቀዱ። ሠርጉ የሚፈጸመው እዚያ፣ ደቡብ አፍሪካ ባለ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ነው ተባለ። ነገር ግን የእኛ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ ሙሽሮቹ የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ጨርሰው ደብዳቤ ካልያዙ አይሆንም አለ። ስምንት ቅዳሜ ነው ትምህርቱ። ሙሽራው በስልክ ይማር ተባለ፤ ስልኩን የምይዘው ደግሞ እኔ ሆንኩ።

ስለዚህ በየቅዳሜው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል እንገናኝ ነበር። እሷ ከዳምቦያ በመጀመሪያው መኪና ትመጣለች። የሚያስተምሩት ወንጌላዊ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ሳቅ የማያውቁ አዛውንት ናቸው። እሷ ከአንዱ ወንበር፣ እኔ ከሙሽራው ወንበር። ወንድሜ በእጄ ላይ፣ መዳፍ በምታክል መስታወት ውስጥ፤ ከኋላው የሳሙና ካርቶን ተደርድሮ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ወንጌላዊው ዓይናቸውን ስልኩ ላይ ተክለው «ከሚስትህ የምትፈልገው ምንድነው?» ብለው ጠየቁት። ወንድሜ አፉን እንደከፈተ ቀጥ አለ። ኔትወርክ ሄደ። ጠበቅን። ወንጌላዊው ሰዓታቸውን አዩ፤ ከእኛ በኋላ ሌሎች ሙሽሮች ደጅ ተቀምጠዋል።

«ወንድሙ አይደለህ?» አሉኝ። «እስኪመለስ አንተ መልስለት።»

ቀልድ አልነበረም። በእኛ አገር ሰው ስለ ወንድሙ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ስለ ወንድሙ ዋስ ይሆናል፣ ስለ ወንድሙ ይቅርታ ይጠይቃል። ለእሳቸው ስለ ወንድም ይህን መመለስም ከዚያ የሚለይ አልነበረም። እኔም እንደዚያው አድርጌ ልቀበለው ሞከርኩ። እናቴን እንድታከብር፣ እግዚአብሔርን የምትፈራ እንድትሆን ልል ነበር። አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ።

«ማታ ቤት ስገባ ውሎዋን እንድትነግረኝ እፈልጋለሁ» አልኩ። «ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እንዳሳቃት። እኔ ዝም ያለ ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት። ስትናደድም እንዳትደብቀኝ። ደክሞኝ ብመጣም እንዳትተወኝ፤ ቀስቅሳኝም ቢሆን ትንገረኝ።»

ወንጌላዊው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ግን ስልኩን አልነበረም የምታየው። ፊቷ ቀስ ብሎ ሲከፈት አየሁ፤ እንደዚያ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ወዲያው ስልኩ ነቃ። «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» አለ ወንድሜ። ወንጌላዊው «መልሰሃል፣ ጥሩ ብለሃል» አሉትና ወደ ሌላው ጥያቄ አለፉ።

ስንጨርስ ደወለልኝ። «ለመሆኑ ምን ብዬ መለስኩ?»

«እናታችንን እንድታከብር፣ እግዚአብሔርን የምትፈራ እንድትሆን አልክ።»

«ጥሩ ብያለሁ» አለ፤ ደስ ብሎት።

ውሸቴ ያኔ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ኔትወርኩ እንዲሄድ ስጸልይ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ሳላፍር። አንዳንዴ ይሄዳል፣ አንዳንዴ አይሄድም። ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ ወንጌላዊው «ቤታችሁ ምን እንዲመስል ትሻለህ?» ብለው ሲጠይቁት ዳታውን በአውራ ጣቴ ራሴ አጠፋሁት። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል። አጠፋሁትና በወንድሜ ወንበር ተቀምጬ፣ በወንድሜ ፈንታ፣ የራሴን ቤት ነገርኳት። መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ እንኳን ነገርኳት። እሷም በበኩሏ ስትመልስ ለእሱ ብላ ለእኔ መለሰች፤ ወይም እኔ እንዲያ መሰለኝ።

ስምንተኛው ቅዳሜ ሲያልቅ ወደ መናኸሪያ ልሸኛት በእግር ሄድን። ደብዳቤው በቦርሳዋ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ወር ትሄዳለች። ረዳቶቹ «ዱራሜ፣ ዳምቦያ» እያሉ በሚጮሁበት መግቢያ ላይ ስንደርስ ቆም አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ስልኩ ሲቋረጥ የምትመልሰው መልስ የማን ነው?»

ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የእኔ ነው ብላት ቦርሳዋን ከፍታ ደብዳቤውን ትቀደው ነበር፤ ይህን ከፊቷ ላይ አነበብኩ፤ የማንበብ ትምህርት ተምሬ የለ። ያስተማረኝን ወንድሜን አሰብኩ። እናቴን አሰብኩ። ሀቢቾ ውስጥ ሰው የሚለውን አሰብኩ። ይሄ ሁሉ ግን ሰበብ ነው። እውነቱ ፈራሁ።

«የወንድሜ ነው» አልኳት። «እሱ የነገረኝን ነው የምናገረው።»

«እንደዚያ ከሆነ እሺ» አለች። «እንደዚያ የሚያስብ ሰው ጋ መሄድ ጥሩ ነው።» ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

ሄደች። ሻንጣዋን የአዲስ አበባው አውቶብስ ላይ ያስጫንኩት እኔ ነኝ። እናቷ ሲያለቅሱ፣ መዘምራኑ ሲዘምሩ፣ እኔ ከተሸካሚው ጋር ገመድ ስቤ አስሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለፉት አራት ዓመታት ምን እንደነበሩ ለመናገር ቃል ያጥረኛል፤ ስለ መሻት በማስተማር ደሞዝ የሚበላ ሰው ይህን ማለቱ ያሳፍራል። የተነሣሁት በእሷ ነው፣ የተኛሁት በእሷ ነው። የሜትር ጥቅል ሳይ ጫፉን ልይዝ እጄን እዘረጋለሁ። ለእኔም ሴት ልጆች ታጩልኝ፤ ይኸውና ትምህርቴን ልጨርስ፣ ይኸውና ቤት ልሥራ እያልኩ ሸሸሁ። በጸሎት ሰዓት ጌታ ሆይ ይህን ነገር ከእኔ አንሣልኝ እላለሁ፤ ጸሎቴ እንዳይሰማ ደግሞ በሌላው ልቤ እፈራለሁ። ሕመሙ ቢወሰድብኝ ምን ይቀረኛል? ሌላ የራሴ የምለው ነገር አልነበረኝም። ክፍል ውስጥ ሰው የሌለውን ነው የሚሻው ስል ድምፄ ይሰበራል፤ ተማሪዎቹ ጉንፋን ይመስላቸዋል።

ወንድሜ በየሳምንቱ ይደውላል። መጀመሪያ ደስተኛ ነበር። ቀስ በቀስ ድምፁ ተለወጠ።

«ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም» አለኝ አንድ ቀን። «ሱቅ ዘግቼ ሞቼ እገባለሁ። ተኝቼ እንኳን ቀስቅሳ ውሎዋን ታወራልኛለች። ማን ከማን እንደተጣላ ትነግረኛለች። ምን ልበላት ነው? ሰምቼ ምን ላድርግ?»

ስልኩን እንደያዝኩ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። እሷ እዚያ ማዶ፣ ባሌ የጠየቀኝ ነው ብላ ያመነችውን እየፈጸመች ነው። እሱ ጠይቆ አያውቅም። የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ያኔ እንኳን እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ «ታገሣት» ነው ያልኩት።

ከዓመት በኋላ ማውራቷን ተወች። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ገቡበት፣ ጸለዩ፣ አልሆነም። ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ከሰዓት ወንድሜ ደውሎ መለያየታቸውን ነገረኝ፤ ወደ አገሯ ትኬት ቆርጦላታል።

«አልተጣላንም» አለኝ። «ልንገርህ፣ እሷን አልነበረም የፈለግኩት። ያኔ ስለ እሷ ስትነግረኝ ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድሜን እንዲህ የሚያንቀጠቅጥ ነገርማ የእኔ ይሁን አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ አውቄ ነው የወሰድኳት። እዚህ መጥታ ግን ሰው ሆና አገኘኋት። አሁን አልፈልጋትም። አንተ ብታገባት ቅር አይለኝም። በእውነት ነው የምልህ፤ መርቄሃለሁ።»

አመሰግናለሁ አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። ደስታ ጠበቅኩ። አራት ዓመት ሙሉ የለመንኩት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደስታው መንገድ ላይ ይሆናል፣ ሳያት ይደርሳል ብዬ ለራሴ ነገርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ቤተሰቦቿ ስታልፍ መናኸሪያ ካለው ሻይ ቤት ተገናኘን። ከሰዓት ነበር። ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ ሻንጣዋ ከጎኗ ቆሟል። ፀጉሯን አሳጥራለች፣ መነጽር አድርጋለች፣ ትንሽ ከስታለች። አሁንም ቆንጆ ናት። ይህን ያየሁት እንደ ዳኛ ነበር፤ ቆንጆ ናት፣ አዎ፣ ብዬ መዘገብኩ። ሰላም ተባባልን። ማኪያቶ አዘዝን።

«በዓመቱ ነው ያወቅኩት» አለችኝ፣ ምንም ሳታሽሞነሙን። «አንድ ማታ ስለ ቤቱ መስኮት ጠየቅኩት። የምን መስኮት አለኝ። ያን ቀን ስንቴ እንደሞትኩ። ከዚያ ግን ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ነገር ይዤ እንደመጣሁ ገባኝ። ወንድምህ ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ አንተ የነገርከኝ ሰው እሱ አልነበረም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«ይቅርታህን አይደለም የመጣሁበት። ያኔ የጠየቅኩህን እንደገና ልጠይቅህ ነው። አሁን የምትፈራው ሰው የለም።»

እውነቷን ነው። የምፈራው ሰው አልነበረም፤ የሚከለክለኝም፣ የሚቀድመኝም፣ ከእጁ የምቀማት ባልም። ወደ ውስጤ ወረድኩና ያን ነገር ፈለግኩት። አራት ዓመት ሙሉ አላስተኛ ያለኝ፣ ጸሎቴን ያበላሸው፣ መንገድ ዳር ያስቀመጠኝ ነገር ቦታው ላይ የለም። አዘንኩላት፣ አከበርኳት፣ አፈርኩ። ያ ግን አልነበረም። ወንድሜ «አልፈልጋትም» ባለኝ ቅጽበት ሞቶ ኖሯል፤ እኔ ሬሳውን ተሸክሜ ነበር መናኸሪያ ድረስ የመጣሁት። እኔ ያኔ እንሰቱ ሥር ቁጭ ካሉት ሽማግሌ በምን እሻላለሁ? እሳቸው ቢያንስ አምነዋል።

ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ዓይኗ ላይ ያለውን አየሁና ደነገጥኩ። በእኔ ቃል ዕድሜውን ያቃጠለ ሰው መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። መናገር ደግሞ አያቅተኝም።

«የእኔ ነበር» አልኳት። «ሁሉም የእኔ ነበር። ዛሬም የእኔ ነው። ማታ ስገባ ውሎሽን እንድትነግሪኝ እፈልጋለሁ። አንድ ቀንም አልረሳሁሽም። ናፍቀሽኛል። አብረን እንሁን።»

እያንዳንዱ ቃል ከወር በፊት እውነት ነበር። ተናግሬ ስጨርስ ደረቴ እንደ ባዶ ቤት ነው። እሷ ማኪያቶዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ስንቱን የወሰን ጠብ ያየ፣ የሚዋሽ ገበሬ የለመደ ዓይን ነው።

«ያኔ የልብህን ተናግረህ የወንድሜ ነው አልከኝ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ የሌለህን ተናግረህ የእኔ ነው ትለኛለህ። መቼ ነው አንተ ራስህ የምትመጣው?»

አላለቀሰችም። «በል እንግዲህ መምህር፣ ጌታ ይርዳህ» አለችኝና ተነሣች። ሻንጣዋን ልይዝላት ስል ለተሸካሚው ሰጠችው። በሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ወደ ዳምቦያ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ፣ ከሾፌሩ ኋላ ካለው መስኮት አጠገብ ስትቀመጥ፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት ፈገግ ስትል አየሁ። ረዳቱ በሩን ዘጋ። መኪናው ከመናኸሪያው በር ወጥቶ ወደ ግራ ታጠፈ።

ያን ጊዜ ተመለሰብኝ። ሁሉም ነገር፣ ያ የአራት ዓመቱ ሕመም እንዳለ፣ ምንም ሳይጎድል፣ እንዲያውም ብሶበት ደረቴ ላይ ወጣ። መኪናው አስፋልቱ ላይ በባጃጅ ተዘግቶ ቆሟል፤ ሃምሳ እርምጃ እንኳን አይሆንም፣ ብሮጥ እደርስበታለሁ፣ ብጠራት ትወርዳለች። አልሮጥኩም። ከመኪናው ወርዳ ወደ እኔ አንድ እርምጃ ብትራመድ፣ ገና ሳትደርስብኝ እንደገና እንደሚጠፋ አውቅ ነበር።